የጥንት መቃብር ጉብታዎችን በሳተላይት ምስልና በእግር ስንፈልግ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በየዓመቱ ከሐዋሳ ተነሥተን ወደ ሲዳማና ወደ ጌዴኦ ደጋማ መንደሮች ስንወጣ፣ አዲስ የሚቀላቀሉን ተማሪዎች በሳተላይት ምስል ላይ ምልክት ያደረጉባቸውን ቦታዎች ዘርዝረው ይመጣሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ መቃብር ሆነው አይገኙም። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ የሚያሳዝነኝ እውነተኞቹ ጉብታዎች በዚያው ምስል ላይ እያሉ መታለፋቸው ነው።

ለዚህ ዋናው ምክንያት ጥላን ሳያጣሩ ምስል ማንበብ ነው። ዓይናችን ብርሃን ከላይ እንደሚመጣ አድርጎ ማየት ለምዷል። በእኛ አካባቢ ግን ደመና የሌለባቸው ምስሎች በብዛት የሚገኙት በበጋ ሲሆን፣ ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ አብዛኞቹ ሳተላይቶች የሚያልፉትም ረፋድ ላይ ስለሆነ፣ ብርሃኑ ከደቡብ ምሥራቅ፣ ማለትም ሰሜን ወደ ላይ ከሆነው ምስል ግርጌ ይመጣል፤ ጥላውም ወደ ላይ ይወድቃል። ያን ጊዜ ጉብታው ጉድጓድ፣ ጉድጓዱም ጉብታ መስሎ ይታያል። እኔም በጀማሪነቴ ዘመን «ትልቅ ጉብታ» ያልኩትን ፍለጋ ሰዎች አስከትዬ ግማሽ ቀን ተጉዤ የደረስኩት አፈር ወደተዛቀበት ጉድጓድ ነው። «ጉድጓድ» ብዬ የሰረዝኩት ቦታ ደግሞ በመመለሻችን ላይ ድንጋይ የተቆለለበት ጉብታ ሆኖ ጠበቀን። ምስሉን ገልብጦ ደቡብን ወደ ላይ ማድረግና በአቅራቢያው ያለ ዛፍ ወይም ቤት ጥላውን ወዴት እንደሚጥል ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ይህን ሳያደርግ ምልክት የሚያደርግ ሰው የራሱን ብቻ ሳይሆን አብረውት የሚደክሙትን ሰዎች ቀን ያባክናል።

ሴንቲኔል 2 የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት ምስል በነፃ ስለሚገኝ ብቻ ትንንሽ ጉብታዎችን በእርሱ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው፤ የምስሉ አንድ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር ስለሚሸፍን፣ 8 ሜትር ስፋት ያለው ቁልል ከአንድ ነጥብ ያንሳል።

ክብ ነገር ሁሉ መቃብር አይደለም። አውድማ፣ የፈረሰ ጎጆ መሠረት፣ የከብት በረትና ኩይሳ ከላይ ሲታዩ ሁሉም ክብ ናቸው። አውድማ በተለያዩ ዓመታት ምስሎች ላይ ቦታ ይለዋውጣል ወይም በክረምት ይጠፋል፤ መቃብር ግን ካለበት አይነቃነቅም። አስቸጋሪው ገበሬው ከማሳው ለቅሞ የከመረው ድንጋይ ነው፤ ምክንያቱም ገበሬው ድንጋዩን የሚጥለው አስቀድሞ ባልታረሰ ቦታ ላይ ሲሆን፣ ያ ቦታ ራሱ አሮጌ መቃብር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የላዩ ድንጋይ አዲስ መሆኑን አይቶ ብቻ መሰረዝ አይገባም።

ከቆየ 1፡50,000 ካርታ ላይ የተነበበን መገኛ በቀጥታ ወደ ጂፒኤስ ማስገባትም የተለመደ ስህተት ነው። ካርታው የተሠራው አዲንዳን በተባለው የመለኪያ መነሻ (የቦታ መገኛ ቁጥሮች በሚሰሉበት መሠረት) ሲሆን፣ ጂፒኤሱ የሚሠራው በዓለም አቀፉ መነሻ፣ በWGS84 ነው፤ ልዩነቱ በእኛ አገር ወደ 200 ሜትር ይደርሳል። በእንሰትና በቡና መካከል 200 ሜትር መሳሳት ማለት ቦታውን ፈጽሞ አለማግኘት ነው።

ጉብታ ሁሉ «ቅድመ ታሪክ» ተብሎም አይመዘገብም። በሰሜን ሸዋና በወሎ የሚታወቁት፣ አርኪዮሎጂስቶች «ሻይ» ብለው የሰየሙት ጥንታዊ ባህል ጉብታዎች ከ10ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን ያሉ ናቸው። ከቅርጽ ብቻ ዘመን አይነበብም። ለማረጋገጥ ብሎ «ጥቂት ጫር ማድረግ» ደግሞ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ የተከለከለ ነው፤ የተነቀለ ድንጋይም ወደ ቦታው ቢመለስ እንኳ የነበረበት ሁኔታ አይመለስም።

በመጨረሻም አዛውንቶችን «ይህ መቃብር ነው?» ብሎ መጠየቅ አይገባም፤ ደክሞት የመጣን እንግዳ ላለማሳፈር ብዙዎች «አዎ» ይላሉና። እኔ ሰላምታ ሰጥቼ ከተቀመጥኩ በኋላ «አባቴ፣ በዚህ ማሳ ውስጥ በሬ የማይገባበት ቦታ አለ?» እላለሁ። አንድ አባት መልስ ሳይሰጡኝ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡና ዙሪያው ሁሉ ታርሶ መካከሉ ብቻ ሣር ወደለበሰ ቁልል ወሰዱኝ፤ ከዝርዝራችን ውስጥ አልነበረም።