ከ«እስከ» በኋላ ምን አለ? የግሪኩን «ሄኦስ» እንዴት እንመርምር

«የበኩር ልጅዋንም እስክትወልድ ድረስ አላወቃትም» ይላል ማቴዎስ 1፥25፤ «አላወቃትም» ማለት ዮሴፍ ከማርያም ጋር በሥጋ አልተገናኘም ማለት ነው። በዚህች ዓረፍተ ነገር ላይ ክርክሩ የቆየ ነው። በ4ኛው መቶ ዘመን ሄልቪዲዮስ የተባለ ሰው፣ ማርያም ከጌታ ልደት በኋላ ሌሎች ልጆች ወልዳለች ሲል ጻፈ። ጄሮም የተባለው ሊቅ በ383 እ.ኤ.አ. ገደማ ሐሳቡን የሚቃወም መልስ ሰጠው። ከተከራከሩባቸው ነገሮች አንዱ ይህ «እስከ» ነበር። ዛሬም በየጥናት ቡድኑ ይነሳል፤ ብዙ ጊዜም «ግሪኩ እንዲህ ነው የሚለው» በሚል ይቋጫል።

ግሪኩ ምን እንደሚል ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ቋንቋውን መማር ግድ አይደለም። ፊደሉን ለይቶ ማወቅና ትዕግሥት ይበቃል።

1. ቃሉን ፈልጉ

ግሪኩንና ትርጉሙን ጎን ለጎን የሚያሳይ ነፃ መሣሪያ ክፈቱ። እኔ ስቴፕ ባይብልን እመርጣለሁ፤ ቀላል ነው፣ የሰባ ሊቃናትንም ትርጉም (ጥንታዊውን የብሉይ ኪዳን የግሪክ ትርጉም) ይዟል። በማቴዎስ 1፥25 «እስከ» በሚለው ቦታ የምታገኙት «ሄኦስ ሁ» ነው፤ «ሁ» ከ«ሄኦስ» ጋር አንዳንዴ የምትመጣ ትንሽ ቃል ናት። «ሄኦስ» በስትሮንግ ቁጥር፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ቃል በተሰጠው መለያ ቁጥር፣ 2193 ነው።

ስለ ስትሮንግ ቁጥር አንድ ነገር ልበል። ቃሉ የሚገኝባቸውን ቦታዎች ለማግኘት ግሩም ነው። ትርጉም ለመወሰን ግን አትደገፉበት። ከቁጥሩ ሥር የተደረደሩት ፍቺዎች ቃሉ በተለያየ ቦታ የሚሰጣቸው ናቸው እንጂ የወደዳችሁትን የምትመርጡባቸው አይደሉም።

2. አጠቃቀሙን ለዩ

«ሄኦስ» በአዲስ ኪዳን ከ140 ጊዜ በላይ ይገኛል። ሁሉንም ማንበብ ከቻላችሁ እሰየው። ካልሆነ የማቴዎስን ወንጌል ብቻ ጨርሱ፤ አብዛኛው የአጠቃቀም ዓይነት እዚያ አለ።

ቦታ ያመለክታል፦ «እስከ ምድር ዳር» (ሐዋርያት ሥራ 1፥8)። መጠን ያመለክታል፦ ጴጥሮስ «እስከ ሰባት ጊዜ?» ብሎ ሲጠይቅ። አንዳንዴ «ሳለ» ማለት ይሆናል። «ቀን ሳለ የላከኝን ሥራ ላደርግ ይገባኛል» (ዮሐንስ 9፥4) የሚለው «ሳለ» በግሪኩ ይኸው «ሄኦስ» ነው። የቀረው የጊዜ «እስከ» ነው፤ ጠቡም እሱ ላይ ነው።

3. የተከተለውን ግስ እዩ

«አን» የምትባል ትንሽ ቃል ከተከተለችው፣ ነገሩ ተናጋሪው በሚናገርበት ሰዓት ብዙ ጊዜ ገና አልሆነም። መልአኩ ዮሴፍን «እስክነግርህ ድረስ በዚያ ተቀመጥ» ሲለው እንዲህ ነው (ማቴዎስ 2፥13)። በ1፥25 ግን «አን» የለም፤ «ወለደች» የሚለው ግስ የተፈጸመ ድርጊት ነው። «አላወቃትም» የሚለው ደግሞ በግሪኩ የቀጠለ ሁኔታን በሚያሳይ ያለፈ ጊዜ ነው የተጻፈው።

4. «ከዚያ በኋላስ?» የሚለውን ፈትኑ

ዋናውና አስቸጋሪው እርምጃ ይሄ ነው፤ ሰው የሚዘለውም ይሄንኑ ነው።

በአንድ ጥናት ላይ ሁለት ወንድሞች ሙሉ ምሽት ሲከራከሩ ሰምቻለሁ። አንዱ ማቴዎስ 2፥15ን ያዘ፦ ቅዱሱ ቤተሰብ ሄሮድስ እስኪሞት በግብፅ ኖረ፣ ከዚያ ወጣ። ስለዚህ ከ«እስከ» በኋላ ነገሩ ይለወጣል አለ። ሌላው 2ኛ ሳሙኤል 6፥23ን ያዘ፦ ሜልኮል እስከሞተችበት ቀን ድረስ ልጅ አልወለደችም። ከሞተች በኋላ ወለደች ማለት ነው? ሁለቱም ጥቅሶች ትክክል ናቸው። ሁለቱም በግሪክ «ሄኦስ» አላቸው። ግን አንዱ ሌላውን አያፈርስም።

እንዲህ አድርጉ። በእያንዳንዱ ጥቅስ ፊት «ከዚያ በኋላ የሆነውን በምን አወቅሁ?» ብላችሁ ጻፉ። ከግብፅ መውጣታቸውን በምን አወቅን? ከቁጥር 19 እስከ 21 ስለሚናገር። ሜልኮል በኋላ አለመውለዷንስ? የሞተ ስለማይወልድ። ጳውሎስ ጢሞቴዎስን «እስክመጣ ድረስ ለማንበብ ተጠንቀቅ» ሲለው (1ኛ ጢሞቴዎስ 4፥13)፣ ስመጣ ተወው ማለቱ እንዳልሆነ በምን አወቅን? ከነገሩ ጠባይ። በሁሉም ቦታ መልሱ የመጣው ከሌላ ዘንድ ነው። «ሄኦስ» ተናጋሪው እስከ የት እንደሚያይ ይናገራል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን ብቻውን አይነግረንም። እኛም «እስክንገናኝ ደህና ሁን» ስንል፣ ከተገናኘን በኋላ ታመም ማለታችን እንደሆነ የሚረዳ የለም።

እዚህ ላይ አንድ መከራከሪያ ትሰሙ ይሆናል። «ተራው ሄኦስ እንዲያ ሊሆን ይችላል፤ ከአሉታ (እንደ «አልሆነም» ካለ የመካድ ቃል) ጋር የመጣው ሄኦስ ሁ ግን ሁልጊዜ ለውጥን ያሳያል» የሚል። ሁለት ጥቅሶች አስተያዩ። በማቴዎስ 17፥9 ጌታ፣ የሰው ልጅ ከሙታን እስኪነሣ ድረስ ያዩትን ለማንም እንዳይናገሩ ያዛል። አሉታ አለ፣ «ሄኦስ ሁ» አለ፤ በኋላ ተናገሩ። በግሪኩ መዝሙር 111፥8 (በዕብራይስጡ ቁጥር 112) ደግሞ ጻድቁ ጠላቶቹን እስኪያይ ድረስ አይፈራም ይላል። እዚህም አሉታና «ሄኦስ ሁ» አሉ፤ ግን ጠላቶቹን ሲያይ ይፈራል ማለት አይደለም። አቀማመጡ አንድ፣ ውጤቱ ሁለት።

ለማስረጃ የሰባ ሊቃናትን ትርጉም ስትጠቅሱ ግሪኩን ራሱን ክፈቱ። ዮሐንስ አፈወርቅ ማቴዎስን ሲተረጉም የኖኅን ቁራ ያነሳል፦ ውኃው እስኪደርቅ አልተመለሰም። «አልተመለሰም» የሚለው በግሪኩ ዘፍጥረት 8፥7 አለ። ከዕብራይስጥ የተተረጎመውን ብትከፍቱ ቁራው ወዲያና ወዲህ ሲል ነው የምታገኙት፤ ማስረጃውም ጠፋ ብላችሁ ትደነግጣላችሁ።

5. ወደ ጥቅሱ ተመለሱ

ማቴዎስ 1፥25 ምን ይላል? ከልደቱ በፊት ዮሴፍ አላወቃትም። ይህም በ1፥18 «ሳይገናኙ» ካለውና በ1፥23 ከጠቀሰው የድንግል ትንቢት ጋር ይገጥማል። ማቴዎስ የሚያስረዳው ይህን ነው። ከልደቱ በኋላ ስላለው መከራከር የሚፈልግ በ«ሄኦስ» ላይ አይቁም። ማርቆስ 6፥3 ላይ ስለ ጌታ «ወንድሞች»፣ ዮሐንስ 19፥26–27 ላይ እናቱን ለደቀ መዝሙሩ ስለ መስጠቱ፣ ስለ ጥንታዊቱ ቤተ ክርስቲያን ትውፊትም ይነጋገር። ክብደት ያለው ማስረጃ እዚያ ነው፤ ውይይቱም እዚያ ላይ ሲሆን ሰው ይደማመጣል።

«በኩር» በሚለውም አትቸኩሉ። እንደ ሲናና ቫቲካን ቅጂ ያሉት የጥንት ብራናዎች እዚህ ቦታ «ልጅ» ብቻ ነው የሚሉት። «በኩር» ያለ ጥርጥር የሚገኘው ሉቃስ 2፥7 ላይ ነው።

6. በሌላ ጥቅስ ተለማመዱ

ማቴዎስ 22፥44ን ውሰዱ፦ «ጠላቶችህን የእግርህ መረገጫ እስካደርግልህ ድረስ በቀኜ ተቀመጥ»። ግሪኩ «ሄኦስ አን» ነው። ጠላቶቹ ከተገዙ በኋላ ከቀኙ ይነሣል? መጀመሪያ ጥቅሱን ብቻውን አንብባችሁ የሚናገረውን ጻፉ። ቀጥሎ ሉቃስ 1፥33ን እና 1ኛ ቆሮንቶስ 15፥24–28ን አጠገቡ አድርጋችሁ፣ እያንዳንዱን ሐሳብ ከየትኛው ጥቅስ እንዳገኛችሁት በኅዳጉ ላይ አስፍሩ።