የካርድ ሪፈንድ ፈቃድ፦ በአሜሪካ ላሉ ባለ ሱቆችና ባለ ሬስቶራንቶች

በካርድ የተሸጠ ዕቃ ሲመለስ ሁለት «እሺ» ያስፈልጋል። አንዱ የሱቁ ነው፦ ማን ፈቀደ፣ በየትኛው ደረሰኝ፣ ስንት ዶላር። ሌላው ካርዱን ያወጣው ባንክ ነው፤ ማሽኑ ይጠይቃል፣ ባንኩ በጥቂት ሴኮንድ መልስ ይሰጣል። ባንኩ የሚያየው ካርዱ ገንዘብ መቀበል ይችል እንደሆነ ብቻ ነው። ዕቃው በእርግጥ ተመልሶ እንደሆነ፣ ካርዱም የደንበኛው ይሁን የካሸሩ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ባለ ሱቅ በሪፈንድ የሚከስረው በብዛት እዚህ ላይ ነው፤ በራሱ ቤት ማን «እሺ» እንደሚል ሳይወሰን ሲቀር።

መጀመሪያ ባቹን ይዩ

ማሽኑ የቀኑን ሽያጭ ሰብስቦ ወደ ፕሮሰሰሩ (የካርድ ክፍያዎን ወደሚያስተናግደው ድርጅት) የሚልክበት ሰዓት አለ፤ ባች መዝጋት የምንለው እሱ ነው። በብዙ ሱቅ ማታ በራሱ ይዘጋል። ባቹ ገና ካልተዘጋ ሽያጩ ቮይድ ይደረጋል። ቮይድ ሽያጩን ከባቹ ያወጣዋል፤ ከደንበኛው ሒሳብ ገንዘብ አይወጣም፣ ወደ እርስዎም አይገባም። ባቹ ከተዘጋ በኋላ ግን የሚሠራው ሪፈንድ ነው፤ ይህም ራሱን የቻለ አዲስ ግብይት ሲሆን ወደ ደንበኛው ሒሳብ ለመድረስ የሥራ ቀናት ይወስዳል።

ቮይድ የራሱ ጣጣ አለው። አንዳንድ ማሽን ሽያጩን ከባቹ ሲያወጣ ለባንኩ «ያዝኩት ያልከውን ገንዘብ ልቀቅ» የሚል መልእክት አብሮ አይልክም። ደንበኛው በስልኩ ሲያይ ገንዘቡ ለቀናት እንደተያዘ ይቆያል፤ ተመልሶ መጥቶ ሲጮህም ካሸሩ ደንግጦ ሪፈንድ ይሠራለታል። ያኔ ሱቁ ያልተቀበለውን ገንዘብ ከፈለ ማለት ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የቮይዱን ደረሰኝ አትሞ መስጠትና የተያዘው በባንኩ ጊዜ እንደሚለቀቅ ማስረዳት። «ሁለት ጊዜ ተቆረጠብኝ» ለሚልም እንዲሁ፣ ገንዘብ ከመመለስ በፊት የባቹን ዝርዝር ከፍቶ ሁለተኛው ሽያጭ በእርግጥ መኖሩን ማየት ነው።

ከሦስት ዕቃ አንዱ ብቻ ከተመለሰ ቮይድ አይሆንም፤ በአብዛኛው ማሽን ቮይድ ሙሉውን ነው የሚሰርዘው። የተመለሰውን ብቻ ሪፈንድ ያድርጉ።

በሱቁ ውስጥ ማን ይፈቅዳል

አዲስ ማሽን ሲመጣ የማናጀሩ የይለፍ ቁጥር ብዙ ጊዜ ሁሉም የሚገምተው ዓይነት ነው። በዚያው ቀን ይቀየር። ምክንያቱ የሠራተኛ ስርቆት ብቻ አይደለም፤ ደንበኛ መስሎ ገብቶ፣ ማሽኑ ጠረጴዛው ላይ ሲተውለት በሺህ የሚቆጠር ዶላር ወደ ራሱ ዴቢት ካርድ «ሪፈንድ» አድርጎ የሚወጣ ሌባ አለ። ሬስቶራንት ውስጥ ማሽን ለደንበኛ ሰጥቶ ዞር ማለት ለዚህ ነው አደገኛ የሚሆነው።

ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የየራሱ ቁጥር ይሰጠው። አንድ ቁጥር አምስት ሰው ከተጠቀመበት ማን እንደፈቀደ ማወቅ አይቻልም። ካሸር በራሱ የሚመልሰው ጣሪያ ይኑረው፤ ጣሪያው ከቤቱ አማካይ ሽያጭ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ማናጀር ቁጥሩን በራሱ እጅ ያስገባል፤ ቁጥሩን ከኩሽና ጮክ ብሎ መናገር ፈቃድ አይባልም። ፕሮሰሰሩንም ደውለው ሁለት ነገር ይጠይቁት፦ የቀን የሪፈንድ ጣሪያ እንዲያበጅ፣ ከሽያጭ ጋር ያልተያያዘ ሪፈንድ እንዲዘጋ። ሁለተኛው ከሁሉም ይበልጣል። ባዶ ሪፈንድ ማለት ማንኛውንም ካርድ አስገብቶ የፈለጉትን ቁጥር መጻፍ ነው፤ ካሸር ወደ ራሱ ካርድ የሚልከውም በዚሁ በር ነው።

አሠራሩ ይህ ነው፦

1. ሽያጩን በማሽኑ ውስጥ ይፈልጉ፤ በደረሰኙ፣ ደረሰኝ ከሌለ በቀን፣ በመጠንና በካርዱ የመጨረሻ 4 ቁጥሮች።
2. በዚያ ሽያጭ ላይ ከዚህ በፊት ሪፈንድ ወይም ቻርጅባክ (ደንበኛው በባንኩ በኩል ተከራክሮ ያስመለሰው ገንዘብ) መኖሩን ያጣሩ።
3. ሪፈንዱን ከዚያው ሽያጭ ላይ ይጀምሩ።
4. ካርዱ ሽያጩ የተሠራበት ካርድ መሆኑን ያስተያዩ።
5. መጠኑን አስልተው ያስገቡ፣ ማናጀር ይፍቀድ።
6. ሁለት ደረሰኝ ያትሙ፤ በሱቁ ቅጂ ላይ ምክንያቱ ይጻፍ፣ ደንበኛው ይፈርም።

አራተኛው ላይ ብዙዎች ይደናገራሉ። ደንበኛው በአፕል ፔይ ከፍሎ ከሆነ በደረሰኙ ላይ ያሉት 4 ቁጥሮች ከፕላስቲክ ካርዱ ጋር ላይገጥሙ ይችላሉ፤ ስልኩ የራሱ የተለየ ቁጥር ስላለው ነው። ካርድ አይቶ «ያንተ አይደለም» ከማለት በፊት «በስልክ ነበር የከፈልከው?» ብሎ መጠየቅ፤ ከዚያ በዚያው ስልክ እንዲያስነካ ማድረግ።

አምስተኛው ላይ ግብሩ ይረሳል። ሜሪላንድ ውስጥ 40 ዶላር የተሸጠ ጀበና ከተመለሰ የ6 በመቶው የሽያጭ ግብር አብሮ ይመለሳል፤ 42.40 ዶላር። ለክሬዲት ካርድ 3 በመቶ ጭማሪ በጠቅላላው ላይ አስከፍለው ከነበረ ያንንም መመለስ ግዴታ ነው፤ 1.27 ሲታከል 43.67 ይሆናል። ፕሮሰሰሩ በመጀመሪያው ሽያጭ ላይ የቆረጠውን ኮሚሽን ግን ብዙ ጊዜ ለእርስዎ አይመልስም፤ እሱ ከደንበኛው ላይ ሊቀነስ አይገባም።

ባንኩ መልስ ሲሰጥ

ለረጅም ዘመን ሪፈንድ ባንኩን ሳይጠይቅ ነበር የሚሄደው። ሱቁ «ተመላሽ» ብሎ በባቹ ይልካል፣ ባንኩ ሒሳብ ሲወራረድ ነው የሚያውቀው። እ.ኤ.አ. ከ2010ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ቪዛና ማስተርካርድ ሪፈንድም እንደ ሽያጭ አስቀድሞ ፈቃድ እንዲጠየቅበት ማድረግ ጀመሩ። ጥቅሙ ለደንበኛው ነው፤ ባንኩ አስቀድሞ ስለሚያውቅ የሚመጣውን ገንዘብ ቶሎ በስልኩ ሊያሳየው ይችላል። ለባለ ሱቁ ደግሞ አዲስ ነገር ይዞ መጣ፤ ሪፈንድም «ዲክላይን» (እምቢ) ይላል።

የባንኩ መልስ በማሽኑ ላይ በኮድ ይወጣል፤ 00 ማለት ተፈቅዷል ነው። 85 ብሎ የሚመልስ ባንክም አለ፤ የምከለክልበት ምክንያት የለኝም ማለት ስለሆነ እንደ ፈቃድ ይወሰዳል። 91 ባንኩ አልተገኘም ማለት ነው፤ ትንሽ ቆይቶ አንድ ጊዜ መሞከር ይበቃል። 14 የካርድ ቁጥሩ ልክ አይደለም፣ 54 ካርዱ ጊዜው አልፏል፣ 05 ደግሞ ምክንያቱን ሳይናገር እምቢ አለ። እነዚህን አሥር ጊዜ ቢደጋግሙ መልሱ አይለወጥም። ማሽኑ መሐል ላይ ተቋርጦ ምንም መልስ ካልሰጠ ግን እንደገና ከመሞከር በፊት የባቹን ዝርዝር ይክፈቱ፤ የመጀመሪያው አልፎ ከሆነ ሁለተኛው ከኪስዎ ነው የሚወጣው።

ባንኩ እምቢ ሲል ደንበኛው ባዶ እጁን መሄድ የለበትም። የካርድ ድርጅቶቹ ደንብ በዚህ ጊዜ ሌላ መንገድ ይፈቅዳል። የዚያው ሰው ሌላ ካርድ፣ ቼክ፣ ወይም ከተስማማ የሱቁ ክሬዲት ይሰጠዋል። እምቢ ያለበትን ወረቀት ከአዲሱ ደረሰኝ ጋር አያይዘው ያስቀምጡ፤ ነገ «ገንዘቤ አልተመለሰም» ቢባል ማስረጃዎ እሱ ነው።

ባንኩ እምቢ ሳይል ጥሬ ገንዘብ መስጠት ግን አይገባም። በተሰረቀ ካርድ ዕቃ ገዝቶ በማግሥቱ በጥሬ ገንዘብ የሚመልስ ሰው ሱቅዎን ገንዘብ ማውጫ አድርጎታል፤ የካርዱ ባለቤት ሲከራከር ሁለተኛ ይከፍላሉ። በስልክ ወይም በኢንተርኔት ትልቅ ትእዛዝ ሰጥቶ፣ «በስህተት አስበልጬ ከፍያለሁ፣ ትርፉን በዜል ላክልኝ» የሚለውም የዚሁ ዘመድ ነው።

በኢቢቲ ካርድ የስናፕ (የመንግሥት የምግብ እርዳታ) ሒሳብ የተገዛ ምግብ ከዚህ ሁሉ ይለያል። ገንዘቡ ወደዚያው ኢቢቲ ሒሳብ ብቻ ይመለሳል፤ ጥሬ ገንዘብ ወይም የሱቅ ክሬዲት መስጠት ክልክል ነው፤ ማርኬቱን ከፕሮግራሙ እስከ ማስወጣት ያደርሳል። ጤፉ በኢቢቲ፣ ጀበናው በዴቢት ከተከፈለ እያንዳንዱ በመጣበት ይመለሳል። በስናፕ በተገዛው ላይ የሽያጭ ግብር ስላልነበረ የሚታከልም የለም።

ተፈቅዶ ሳይደርስ ሲቀር

ሪፈንድ የሚቀነሰው ከሚቀጥለው ገቢዎ ላይ ነው። የቀኑ ሽያጭ ካልበቃ ፕሮሰሰሩ የባንክ ሒሳብዎን ይቆርጣል፤ እዚያም ከሌለ ሪፈንዱ ሊዘገይ ይችላል። ሰኞ ሱቁ ዝግ ሆኖ እሑድ ማታ ትልቅ ሪፈንድ የሚሠራ ሰው ይህን ያስብበት።

ሁሉ ነገር ተሟልቶ ደንበኛው «አልደረሰኝም» ካለ ከፕሮሰሰሩ ባለ 23 አሃዝ የሆነውን የግብይት መለያ ቁጥር፣ በአጭሩ ኤአርኤን የሚባለውን ይጠይቁለት። ደንበኛው ለባንኩ ሲሰጠው ባንኩ ገንዘቡ የት እንደቆመ ያገኘዋል። ከማሽኑ ደረሰኝ ይልቅ ባንክ የሚሰማው ይህን ነው። ከአውሮፓ ወይም ከእስራኤል በመጣ ካርድ የተከፈለ ከሆነ በዶላር የላኩት ልክ ቢሆንም ደንበኛው የሚያገኘው በዕለቱ ምንዛሪ ስለሆነ ሊበልጥ ወይም ሊያንስ ይችላል፤ ይህን ሲመልሱለት ይንገሩት።

ደንበኛው ክርክር ከከፈተ በኋላ ሪፈንድ አይሥሩ። በቪዛ ኮድ 13.6 «ተመላሽ አልተሠራም» የሚለው ክርክር ነው። ገንዘቡ በቻርጅባኩ ከእርስዎ ተወስዶ ሳለ ደግነት መስሎዎት ሪፈንድ ከጨመሩ ሁለት ጊዜ ከፍለዋል፤ ሁለተኛውን ማስመለስ ደግሞ አታካች ነው። ሪፈንዱን ቀድመው ሠርተው ከነበረ ቀኑንና ኤአርኤኑን ይዘው በተሰጠዎት ቀን ውስጥ መልስ ይላኩ።

በየማታው ባች ሲዘጋ የሪፈንድ ዝርዝሩን በሠራተኛ ለይተው ያትሙ። በአንድ ሰው እጅ የበዛ፣ ሽያጩ በተሠራ በደቂቃዎች ውስጥ የተመለሰ፣ ሱቁ ሊዘጋ ሲል የተሠራ፣ በተለያየ ቀን ወደ አንድ ዓይነት 4 ቁጥር የሄደ ካለ፣ የካሜራው ቅጂ ሳይጠፋ በዚያው ሳምንት ይታይ።