የእድራችን አዳራሽ ጣውላ ለምን ጎበጠ፣ እንዴትስ አቃናነው

የእድራችንን አዳራሽ በውጭ በኩል በባሕር ዛፍ ጣውላ ነበር ያለበስነው። ጽድ ይሻላል ያሉ ነበሩ። እውነታቸውን ነው፣ ጽድን ምስጥ አይደፍረውም፣ ግን አገር በቀል ዛፍ አስቆርጦ ግድግዳ ማስዋብ አልተዋጠልንም። ባሕር ዛፍ እኮ ቢቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል።

ክረምቱ ሲወጣ ግን ጉድ ፈላ። ጣውላው ጎበጠ፣ ከየምስማሩ ሥር ጥቁር እንባ የመሰለ መስመር ወረደ፣ የታችኛው ረድፍ ደግሞ በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል።

እኔ ጥፋቱን በቀለሙ ነበር ያላከክሁት። አንዱን ስነቅለው ጀርባው ርሶ ሻግቷል። ብሎኬቱ ላይ ልጥፍ ስላደረግነው የገባው ውሃ መውጫ አጥቷል። ሲጀመር እርጥቡን ነው የገዛነው፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ ሲደርቅ ክፉኛ ይኮማተራል።

ሁሉንም ነቅለን፣ የበሰበሰውን ጥለን፣ ደህናውን በየመሃሉ ቀጫጭን እንጨት እያስገባን ጥላ ሥር ደርድረን ለወራት አደረቅነው። ከዚያ ብሎኬቱ ላይ ሞራሌ (አራት ማዕዘን ሆኖ የተሰነጠቀ ረጅም እንጨት) ቁልቁል መትተን ጣውላውን በሱ ላይ አጋደምነው። አሁን ከኋላ ሁለት ጣት የሚያህል ክፍተት አለ፤ ከላይም ከታችም ክፍት ስለሆነ አየር ይመላለሳል (ለአይጥ ወንፊት ሽቦ አድርገንበታል)። የታችኛውን ረድፍ ከመሬት 20 ሳንቲሜትር ከፍ አደረግነው፣ የዝናብ ፍንጣቂ እንዳያገኘው። የተቆረጠውን ጫፍ ሁሉ የተልባ ዘይት አጠጣነው። ጥቁሩ እንባ የመጣው እንጨቱ ውስጥ ያለው ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር ከብረት ጋር ሲገናኝ ስለሆነ ምስማሩን በማይዝግ ቪቴ ቀየርነው። ዋጋው ገንዘብ ያዣችንን አስለቅሷል።

ዘንድሮ ክረምቱን አለፈ። አንድ ጣውላ ብቻ ተሰንጥቋል፣ እሱም ቪቴውን ጫፉ ላይ የመታሁት እኔው ነኝ።