የቢላዋ አፎት ከእርጥብ ቆዳ ስትሠሩ፦ ምን ተበላሸ? ምን ይደረግ?

የቆዳ አፎት ሥራ ሲያወሩት ቀላል ነው። ቆዳውን በቢላዋው ልክ ትቆርጣላችሁ፣ ታጥፋላችሁ፣ ጠርዙን ትሰፋላችሁ፣ ውሃ ውስጥ ትነክራላችሁ፣ ከዚያ ቢላዋውን በፌስታል ጠቅልላችሁ ትከቱና በጣታችሁ እየተጫናችሁ ቅርጹን ታስይዙታላችሁ። ሲደርቅ የቢላዋውን መልክ ይዞ ይቀራል። በቃ። ችግሩ፣ ስህተቱ የሚሠራው ቆዳው እርጥብ እያለ ነው፣ የሚታየው ግን በማግስቱ ሲደርቅ ነው። ይህ የገባኝ አምስት ስድስት አፎት ከጣልኩ በኋላ ነው። ስለዚህ ምልክቱን ስታዩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳችሁ ፈልጉ።

ደርቋል፣ ግን እንደ ጨርቅ ይልፈሰፈሳል

በዚህ ልጀምር፣ መፍትሄ ከሌላቸው አንዱ ስለሆነ። ቆዳው የተሳሳተ ነው። ገበያ ላይ የምታገኙት የቦርሳ፣ የጃኬትና የጫማ ፊት ቆዳ አብዛኛው በክሮም፣ ማለትም በማዕድን ኬሚካል፣ የለፋ ነው። ቀኑን ሙሉ ብትዘፈዝፉትም ሲደርቅ ወደ ልስላሴው ይመለሳል። ቅርጽ የሚይዘው በዛፍ ቅርፊትና በመሳሰለው የለፋው ነው። ሻጩን መጠየቅ ጥሩ ነው፣ ማመን ሌላ ጉዳይ ነው። የተቆረጠውን ጠርዝ እዩት፤ የክሮሙ መሃል ብዙ ጊዜ ወደ ግራጫ ወይም ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ የቅርፊቱ ግን ከላይ እስከ ታች ቡናማ ነው። ቀለም ዘልቆ የገባበት ከሆነ ግን ይህም ያታልላል።

እኔ የማምነው አንድ ፈተና ነው። ጣት የምታክል ቁራጭ ለምናችሁ ውሰዱ፣ ሩብ ሰዓት ዘፍዝፏት፣ እስክሪብቶ ላይ ጠምጥማችሁ አስሯትና አሳድሯት። ጠዋት ስትፈቷት እንደ ቀለበት ደርቃ ከቀረች ቆዳውን ግዙ። ከተዘረጋች ተዉት።

ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሁን፣ የበሬ ወይም የላም ቆዳ። የአገራችን የበግ ቆዳ በጓንት ሥራ ዓለም ያወቀው ነው፣ ግን ለጓንት ያስመረጠው ስስነቱና ልስላሴው እዚህ ጋ ጠላት ነው።

ቅርጹ ደብዝዟል

ቆዳው ትክክለኛ ነው፣ ቢላዋው ግን ብርድ ልብስ ስር እንደተኛ ሰው ነው የሚታየው። ይህ የብዙ ሰው ችግር ነው፣ ምክንያቱም ሁሉም ከውሃ እንዳወጣው ወዲያው መጫን ይጀምራል። ውሃ የጠገበ ቆዳ እሺ ይላል እንጂ አይዝም። ጣታችሁን ስታነሱ ቀስ ብሎ ይመለሳል፣ ስትጫኑት ውሃ ላዩ ላይ ያቅራል። በተቃራኒው በጣም ከዘገያችሁ ደግሞ ይገግማል፣ ብትጫኑት አይሰማም።

ትክክለኛው ሰዓት መሃል ላይ ነው። መጀመሪያ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አስገቡት፤ የአየር አረፋ ይወጣል፣ አረፋው ሲያቆም አውጡትና ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። ከዚያ መጠበቅ ነው። ስንት ደቂቃ? እንደ ቆዳው ውፍረትና እንደ አየሩ ነው፣ የአዲስ አበባ የታኅሣሥ አየርና የነሐሴ አየር አንድ አይደለም። ሰዓት ተዉና ቆዳውን እዩ፤ ሲረጥብ የጠቆረው መልኩ ከላይ መመለስ ሲጀምር፣ ግን ጉንጫችሁ ላይ ስታስነኩት ገና ሲቀዘቅዛችሁ፣ ያኔ ነው። አሁን ተጫኑ። በእጀታውና በስለቱ መጋጠሚያ ዙሪያ ጊዜ ውሰዱ፣ ቢላዋውን ነክሶ የሚይዘው እዚያ ነውና። አንድ ጊዜ ተጭናችሁ አትሂዱ፣ በየአሥር ደቂቃው እየተመለሳችሁ ያንኑ መስመር ድገሙት።

ደብዝዞ የደረቀ አፎት አይጣልም። መልሳችሁ አርጥቡትና እንደ አዲስ ጀምሩ። ቅባት ወይም ሰም ከነካው ግን ውሃ አይገባውም፣ ስለዚህ ቅርጹ ልባችሁን ሳይሞላ ቅባት እንዳታስነኩት።

ቢላዋው አይገባም፣ ወይም ይወድቃል

ከበሮ ሲለጎም ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ እርጥብ ቆዳ ሲደርቅ ይሸመቀቃል። የለፋ ቆዳ የጥሬውን ያህል ባይሆንም ትንሽ ይሰበሰባል። አፎቱ ጠብቆ ከሆነ ቢላዋውን በፌስታል ሁለት ሦስት ዙር ጨምራችሁ ጠቅልሉት፣ የአፎቱን አፍ ብቻ አርጥቡ፣ ከታችሁ አድርቁት። ስለቱ ፌስታሉን እንዳይቀደው መጀመሪያ በፕላስተር ሸፍኑት፣ እጃችሁንም ያተርፍላችኋል።

ላልቶ ከሆነ አርጥቡና እጀታው አካባቢ ጠለቅ አድርጋችሁ ተጫኑ። ካልበቃው ከመጀመሪያው ስፌት ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብላችሁ ሁለተኛ መስመር ስፉ። ፈተናው አፎቱን ዘቅዝቆ መነቅነቅ ነው። አልጋ ላይ ነቅንቁት። እግራችሁ ላይ አይደለም።

ተሸበሸበ፣ ጠነከረና ተሰነጠቀ

ሙቀት ነው። ቸኩላችሁ ከሰል አጠገብ፣ ምድጃ ላይ ወይም ፀሐይ ላይ አስጥታችሁታል። እኔ አንዱን ማታ ከሰል አጠገብ ትቼው ተኛሁ። ጠዋት ቋንጣ ሆኖ ጠበቀኝ። በቅርፊት የለፋ ቆዳ እርጥብ እያለ ከ70 ዲግሪ አካባቢ በላይ ሙቀት ካገኘው የቆዳው ቃጫዎች ይኮማተራሉ፣ ወደ ኋላ መመለስ የለም። የፈላ ውሃም ያው ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፣ ያም ቢሆን ለቆዳ ብዙ ነው። እጃችሁን ማቆየት የማትችሉበት ውሃ ውስጥ ቆዳ አታስገቡ። ጥላ፣ ነፋስ፣ አንድ ወይም ሁለት ቀን። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ቅርጹ ሲጸና ቢላዋውን በቀስታ አውጡት፣ ውስጡም አየር ይፈልጋል።

ጥቁር ነጠብጣብ ወጣበት

ቆሻሻ መስሏችሁ በሳሙና አትልፉ። ብረት ነው። ከቅርፊቱ የመጣው ታኒን፣ ቆዳውን ያለፋው ንጥረ ነገር፣ እርጥብ ሆኖ ብረት ሲነካው ይጠቁራል፤ ድሮ የጽሕፈት ቀለም ይሠራበት የነበረው አንዱ መንገድ ይኸው ነው። ስለዚህ ጠረጴዛችሁ ላይ የሞረድ ብናኝ፣ ሚስማር ወይም ያልተጠቀለለ ቢላዋ ካለ ፈረመላችሁ ማለት ነው። አዲስ ከሆነ የሎሚ ጭማቂ በጨርቅ አስነኩት፣ ሲለቅ በንጹህ ውሃ ጥረጉት። እርጥበቱን ሙሉውን ቆዳ ላይ እኩል አዳርሱት፣ አለዚያ በጥቁሩ ፋንታ የውሃ ክብ ይቀራል።

ቢላዋውም አይተርፍም፤ እርጥብ ቆዳ ውስጥ ያለ ብረት በአንድ ሌሊት ሊዝግ ይችላል። ከደረቀ በኋላም ቢሆን ቢላዋን ለወራት አፎቱ ውስጥ ከትቶ መርሳት ጥሩ አይደለም።

የጥፍር ምልክት ሞላው

ጥፍር ቁረጡ፣ ቀለበትና ሰዓት አውልቁ። ለመጫን የማንኪያ ጀርባ ወይም በብርጭቆ ወረቀት የለሰለሰ እንጨት ይሻላል፤ ማንኪያው ብረት ከሆነ የማይዝግ ይሁን። የቀላል ጭረት መልስ እርጥብ ጨርቅና አውራ ጣት ነው። ጥልቁ ይቀራል፣ ተለማመዱት።

ክሩ ከውስጥ እየተቆረጠ ነው

ስለቱ በወጣ በገባ ቁጥር ክሩን እየበላው ነው። ሁለቱ ጠርዞች መሃል አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያላት የቆዳ ቅዳጅ መግባት ነበረባት፣ ስለቱ እሷ ላይ እንዲያርፍ። ብዙ ጀማሪ ቆዳ ለመቆጠብ ይዘላታል። መፍትሄው ስፌቱን መፍታት፣ ቅዳጇን በማስቲሽ ማጣበቅና እንደገና መስፋት ነው። ቀዳዳውን በወስፌ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር አራርቁ፣ ሰም የተቀባ ክር በሁለት መርፌ ከግራና ከቀኝ በየቀዳዳው አሳልፉ። እንዲህ የተሰፋ አንድ ቦታ ቢበጠስ እንኳ ሌላው አይተረተርም። መጨረሻ ላይ ሁለት ሦስት ቀዳዳ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ጨርሱ።

ሻግቷል

ክረምት ላይ በፌስታል ተጠቅልሎ የቆየ ነው። ኮምጣጤና ውሃ እኩል ቀላቅላችሁ ጥረጉት፣ ነፋስ ላይ አውሉት።

መጀመሪያ ደርቆ ነበር፣ አሁን ለሰለሰ

ቅባት በዝቶበታል። አፎት ጫማ አይደለም፣ መለስለስ አያስፈልገውም። ስስ አድርጋችሁ አንዴ ቅቡ፣ ከዚያ የንብ ሰም እሹበት፣ በቃ። የጠጣውን ዘይት መልሶ ማውጣት አይቻልም፤ ወረቀት ጠቅጥቃችሁ ለሳምንት ብታስቀምጡት ትንሽ ይመጥለታል፣ ጥንካሬው ግን አይመለስም። የእኔዋ እንደዚያ የሆነችው አሁን ኩሽና ውስጥ መቀስ ታስቀምጣለች።