ዌልሽ ኮብ ለጀማሪ ይሆናል?

ብሪታኒያ ውስጥ የመጀመሪያ ፈረሱን ለመግዛት የሚያስብ ሰው የዌልስ ፈረስ ዘር የሆነውን ዌልሽ ኮብን ሳያይ አያልፍም። ጠንካራ ነው፣ ያምራል፣ አዋቂም ልጅም ይሸከማል። ‹‹ኮብ›› ሲባል ደንደን ያለ፣ ብዙ ጊዜም ጭምት የሆነ ፈረስ ነው፤ ግን ‹‹ኮብ›› ስለተባለ ብቻ ረጋ ያለ ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ። በተለይ ሴክሽን ዲ የሚባለው ምድብ፣ ቁመቱ ከ137.2 ሴንቲ ሜትር የሚበልጠው፣ ንቁና ፈጣን ነው። ሶምሶማውማ ጉድ ነው! ጉልበቱን ከፍ አድርጎ እግሩን ወደ ፊት ሲወረውር ለተመልካች ደስ ይላል፤ ላዩ ላይ ለተቀመጠ ጀማሪ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ደግሞ ብልጥ ነው። ልጓም የያዘው እጅ ካመነታ ወዲያው ይገባዋል።

ስለዚህ ከዘሩ በፊት ዕድሜውንና የለመደውን ሥራ እዩ። አሥር ዓመት ያለፈው፣ መኪና የማያስደነግጠው፣ ሌላ ፈረስ ሳያጅበው መንገድ የሚወጣ ኮብ ለጀማሪም ይሆናል። የአራት ዓመቱን፣ ዋጋው ቢያጓጓም፣ ተዉት። ልትሞክሩት ስትሄዱ መጀመሪያ ባለቤቱ ይጋልበው። ከጋጣው ሲወጣ፣ ኮርቻ ሲጫንና ሰኮናው ሲነሳ ቆማችሁ ተመልከቱ። ስትደርሱ በላብ ርሶ ካገኛችሁት ጠርጥሩ፤ ጉልበቱን ቀድመው አስጨርሰውት ይሆናል። የእንስሳት ሐኪም ምርመራም አይቅር።

ምግቡ ላይ ጨከን በሉ። የዌልስን ተራራ በጥቂት ሣር የቻለ ዘር ስለሆነ ለምለም መስክ ላይ ቶሎ ይወፍራል፤ ከዚያ ላሚናይቲስ የሚባለው ክፉ የሰኮና ሕመም ይመጣል። በፀደይ የግጦሽ ሰዓቱን ገድቡ። ከጋማው ሥር አንገቱን ዳብሱት፤ ስቡ ከደነደነ ግጦሹን ቀንሱ።