የመጽሔት ካርቱን ኦሪጅናል ሥዕል ከጨረታ እንዴት እንደሚገዛ

መጽሔቱ በብዙ ሺህ ቅጂ ይታተማል፤ ካርቱኒስቱ በእጁ የሣለበት ወረቀት ግን አንድ ብቻ ነው። ሰብሳቢዎች የሚሻሙት በእሱ ነው።

ከመጫረትዎ በፊት አንድ መጽሔት ወይም አንድ ዘመን ይምረጡ። እ.ኤ.አ. በ1841 ለንደን ውስጥ የተጀመረው ፐንች ወይም በ1925 የተመሠረተው ኒው ዮርከር እያንዳንዱ ለዕድሜ ልክ የሚበቃ ነው። የታዋቂዎቹ የኒው ዮርከር ካርቱኒስቶች የቻርልስ አዳምስ ወይም የፒተር አርኖ ሥራ ዋጋው አይቀመስም። በዚያው መጽሔት የሠሩ፣ ስማቸው ያን ያህል ያልገነነ ባልደረቦቻቸው ግን በጣም በረከሰ ዋጋ ይገኛሉ፤ ጀማሪ ከእነርሱ ቢጀምር እመክራለሁ። እንደ ዳላሱ ሄሪቴጅ ያሉ አጫራች ድርጅቶች ያለፉ ሽያጮችን ዋጋ በድረ ገጻቸው ስለሚያስቀምጡ፣ ገበያውን አስቀድመው ያጥኑ።

ከዚያ ትልቁ ሥራ ምርመራው ነው። ሥዕሉን በማጉያ መነጽር ይመልከቱ። ግራጫው ክፍል በጥቃቅን ነጠብጣቦች ከተሞላ ሕትመት ሳይሆን አይቀርም፤ ነጠብጣብ ያለበት ተለጣፊ የሚጠቀሙ ሠዓሊዎች ስለነበሩ ግን በዚህ ብቻ አይፍረዱ። ኦሪጅናል የሥራ ዱካ አለው፦ ከቀለሙ ሥር ያልጠፋ የእርሳስ መስመር፣ ስሕተት የተሸፈነበት ነጭ ቀለም፣ የማተሚያ ቤቱ ካሜራ ስለማያነሳው ሳይጠፋ የቀረ ፈዛዛ ሰማያዊ እርሳስ። በኅዳጉ ላይ ሥዕሉ ምን ያህል ተቀንሶ እንደሚታተም የሚገልጽ ቁጥር፣ በጀርባው የመጽሔቱ ማኅተምና የታተመበት ቀን ሊኖር ይችላል። እነዚህን እንደ እንከን የሚቆጥር ገዢ ያሳዝነኛል፤ ሠዓሊው ሲያስብ የሚታየው እዚያ ነውና።

ሥዕሉ የወጣበትን እትም ፈልገው ጎን ለጎን ያስተያዩ። መስመር በመስመር ከገጠመ ለሕትመት የቀረበው እሱ ነው። ሐሳቡ አንድ ሆኖ መስመሩ ከተለያየ ለአዘጋጁ የቀረበ ረቂቅ ወይም ሠዓሊው በኋላ ለወዳጅ ደግሞ የሣለው ሊሆን ይችላል፤ የእጁ ሥራ ቢሆንም ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ ይላል። ካታሎጉ «የእርሱ እንደሆነ የሚገመት» ካለ ድርጅቱ የሠዓሊውን ማንነት አያረጋግጥም ማለት ነው። ከክፈፉ ወጥቶ የተነሳ የጀርባ ፎቶግራፍና ሥዕሉ ስላለበት ሁኔታ የጽሑፍ መግለጫ ይጠይቁ።

የዋጋ ጣሪያዎን፣ ገዢው ካሸነፈበት ዋጋ በላይ ለአጫራች ድርጅቱ የሚከፍለውን ኮሚሽን ጨምረው ይወስኑ። ኮሚሽኑ 25 በመቶ ከሆነ፣ በ1,000 ዶላር ያሸነፉበት ሥዕል 1,250 ያስከፍልዎታል፤ ግብር፣ ማጓጓዣና ኢንሹራንስ ገና አልተቆጠሩም። በአዳራሽ ውስጥ ስሜት የሚያሸንፍዎ ከሆነ ጣሪያዎን በጽሑፍ ያስገቡ፤ ድርጅቱ እስከዚያ ድረስ ስለ እርስዎ ይጫረታል።

ሥዕሉን ገዙ ማለት የማሳተም መብቱን ገዙ ማለት አይደለም። ከአሲድ ነጻ በሆነ ካርቶንና አልትራቫዮሌት በሚከላከል መስታወት ያስከፍፉት፤ በተለይ የማርከር ቀለም በፀሐይ ቶሎ ይደበዝዛል። ደረሰኙን፣ የካታሎጉን ገጽና የታተመውን እትም በአንድ ፋይል ያስቀምጡ፤ ነገ ሊሸጡት ቢፈልጉ ገዢው አስቀድሞ የሚጠይቅዎ እነዚህን ነው።