ሁለት የባቡር ድርጅት ሲዋሃድ ሐዲዱ የት ጋ እንደተገናኘ አፈላለግ

ጎንደር ባቡር የለንም፣ ግን ፒያሳ ማኪያቶህን አዘህ በስልክህ ብቻ ይሄን ነገር መከታተል ትችላለህ፣ እኔ እንደዛ ነው የማረገው።

መጀመሪያ የሐዲዱን ስፋት እይ፣ ካልገጠመ በቃ አትልፋ። የኛው የድሮው የጅቡቲ መስመር 1000 ሚሊ ሜትር ነው አዲሱ 1435፣ አንዱ ባቡር በሌላው ላይ አይሄድም።

ቀጥሎ የተዋሃዱበትንና ሐዲዱ የተገናኘበትን ዓመት ለየብቻ ጻፍ፣ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። አሜሪካ ፔንሲልቬንያና ኒውዮርክ ሴንትራል የሚባሉ የባቡር ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ1968 ፔን ሴንትራል ተብለው ተዋሃዱ፣ ኒውዮርክ ከተማ ላይ ግን አንዱ ፔን ስቴሽን ሌላው ግራንድ ሴንትራል በሚባል በየራሳቸው ጣቢያ እንደነበሩ ቀሩ፣ ከአልባኒ የሚመጣው ባቡር ፔን ስቴሽን የገባው በ1991 ነው፣ ያውም አምትራክ በሚባለው የአሜሪካ የመንገደኛ ባቡር ድርጅት ጊዜ፣ ፔን ሴንትራል በ1970 ከስሮ አልቆለት። ሰርግ ደግሰው ሙሽሮቹ በየቤታቸው እንዳደሩ ቁጠረው እንግዲህ።

ከዛ የከፍታውን ነገር አትርሳ። ፊላዴልፊያ ላይ ተለማመድ፣ ሬዲንግ የሚባለው ድርጅት ሐዲድ በድልድይ ከመንገድ በላይ ነበር የሚገባው፣ ከስሩ ገበያ አለ እስካሁንም አለ፣ የፔንሲልቬንያው ሰበርባን ስቴሽን ደግሞ ከመሬት በታች፣ ስለዚህ ሁለቱን ለማገናኘት በ1984 የተከፈተው ባለ 4 ሐዲድ ዋሻ በሰሜን በኩል ሽቅብ ወጥቶ ነው ድልድዩን የሚይዘው። በሳተላይት ካርታ አጉላና የሚወጣበትን አፍ ፈልግ፣ ኔትወርክ ካስቸገረህ ማታ ዋይፋይ ላይ ቀድመህ አውርደው።